ይሉኝታ የማያውቅ እጅ

እጅጌውን በለበሱ በአርባ አንደኛው ቀን ጋሽ ያፌት "ኧረ በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ" እያሉ ቀኝ እጃቸው ለክርስትና አባቱ ተብሎ ትሪው ጥግ የተቀመጠውን ፈረሰኛ አነሣ። አፋቸው "እውነቴን ነው፣ ሆዴ ጢም ብሏል" ሲል እጃቸው ፈረሰኛውን ይዞ ወደዚያው አፍ መጣ። አፍም ወዲያው ዝም አለ፤ ጎርሷል።

ክርስትናው የጎረቤታቸው የወይዘሮ ሄራን የልጅ ልጅ ነበር። ወይዘሮ ሄራን ጨዋ ሴት ስለሆኑ ፈገግታቸው አልጠፋም።

"ይብሉ ይብሉ ጋሽ ያፌት። እጅጌው ነው እኮ፤ እናውቃለን።"

ያ "እናውቃለን" ከሁሉም የከፋ ነበር። ሌላ ሰው ሆዳም ቢባል ይክዳል፤ እጅጌ ለባሽ ግን የሚክድበት መንገድ የለውም። የክርስትና አባቱ በበኩላቸው ባዶውን ጥግ አንዴ አዩና ዶሮ ድሮም እንደማይስማማቸው ተናገሩ። እሳቸው እጅጌ አልለበሱም።

ከሰባት ወር በፊት ጋሽ ያፌትን ስትሮክ በቀኝ በኩል መትቷቸው ነበር። እግራቸው በሁለት ወር ተመለሰ፤ አፋቸው በሦስት። ክንዳቸው ግን የማንም ይመስል ከትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። በዚያ ዘመን ደግሞ ክንድ ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ እንዲቀር አይፈቀድም። ስማቸው ወረፋ ውስጥ ገባ፣ ወረፋው ደረሰ፣ እጅጌው መጣ።

እጅጌው ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ የሚደርስ፣ ከሸሚዝ ሥር የሚለበስ ስስ ግራጫ ነገር ነው። ከነርቭ ውስጥ የምትመጣውን ትንሿን ፍላጎት ያዳምጥና ኤሌክትሪክ ይጨምርላታል፤ ክንዱም ይነሣል። አፍን አይሰማም። የት አገር እንደተሠራ ወረቀቱ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ የትም ይሁን የት፣ የሠሩት ሰዎች የፈለጉትን ነገር ከልጅነታቸው ጀምሮ "እፈልጋለሁ" እያሉ የወሰዱ መሆናቸው ያስታውቃል።

በክርስትናው ማግስት ምዘና ነበራቸው። የማገገሚያ ማዕከሉ ግድግዳ ላይ "ይሉኝታ ነርቭ ይገድላል!" የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ አንድ ሽማግሌ የሌላ ሰው ብርቱካን እየወሰዱ በደስታ ይስቃሉ። የምታክማቸው ሲስተር የሺመቤት የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። የጋሽ ያፌት ትውልድ ያፌት፣ ናሆም፣ ሄራን እየተባለ አድጎ ስላረጀ፣ ለልጆቹ የቅድመ አያቶቹን ስም መልሶ አውጥቶላቸዋል። በዚህም ምክንያት በማዕከሉ የሚታከሙት ሁሉ የሕፃን፣ የሚያክሟቸው ሁሉ የአሮጊት ስም ነበራቸው።

"ጋሽ ያፌት፣ ሁለት መቶ አርባ ደርሰዋል እኮ" አለች ሲስተር የሺመቤት።

"ምኑ?"

"ተቃርኖዎ። ፈልገው የተዉት፣ ወይ ሳይፈልጉ ያደረጉት። ሐሙስ ዕለት ብቻ ስድስቱ በተከታታይ ናቸው፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ። ምን ነበር?"

ጋሽ ያፌት አሰቡ። "በር ላይ ነበርኩ። ከጎረቤቴ ከናሆም ጋር። እሱ 'ቅደም' ይለኛል፣ እኔ 'ቅደም' እለዋለሁ።"

"ስድስት ጊዜ?"

"ስምንት ነው። ሁለቱን ከልቤ ነው መሰለኝ።"

"መቅደም ከፈለጉ ይቅደሙ።"

"ልጄ፣ እሱ እኮ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል።"

"ነርቭ ዕድሜ አይቆጥርም።" ሲስተር የሺመቤት ክፉ ልጅ አልነበረችም፤ ደንቡን የጻፈችውም እሷ አይደለችም። "ፍላጎትና ድርጊት ሲጣሉ ነርቩ ግራ ይገባውና የተማረውን ይረሳል። ዘጠና ቀን ነው ያለዎት። በዘጠና ቀን ውስጥ ተቃርኖው ሦስት መቶ ከሞላ እጅጌው ለቀጣዩ ወረፋ ይተላለፋል።"

"እጄስ?"

"የደረሰበት ላይ ይቆማል። አሁን ማበጠሪያ ይይዛል አይደል? ማበጠሪያ እንደያዘ ይቀራል። ለመቀሱ ግን ዘጠናውን ቀን መጨረስ አለብዎት።"

ጋሽ ያፌት ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወትና ሁለት መቀስ ይዘው፣ ማሽኑ ሁሉንም ራስ በአራት ደቂቃ በሚላጭበት ከተማ ውስጥ በእጅ መቁረጣቸውን አልተዉም። አሁን ቤቱ ተዘግቷል፤ ወንበሩ ላይ አንሶላ ተደርቧል። የእሳቸው ሙያ ደግሞ ከሙያዎች ሁሉ ይሉኝታ የበዛበት ነው። መላጣው "ከፊት ለፊት አታሳጥረው" ሲል እሺ ይባላል። አፍንጫው ትልቅ የሆነው ሰው "ያምርብኛል?" ብሎ ሲጠይቅ መስታወቱ በትንሹ ዘወር ይደረግለታል። ያን መቀስ መልሰው ለመያዝ አሁን ባለጌ መሆን ነበረባቸው፤ በሐኪም ትእዛዝ።

"እሞክራለሁ" አሉ።

"አይሞክሩ፣ ይፈልጉ" አለች ሲስተር የሺመቤት። ይህም ግድግዳው ላይ ተጽፏል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ኤልዳና ነገሩን እንደ ጾም ያዘችው። ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰሃን ታቀርብና "ከልብህ፣ ያፌት፤ የቱን?" ትላለች። በዚህ አኳኋን ከሠላሳ ሦስት ዓመት ትዳር በኋላ ባልዋ የክክ ወጥዋን አንድም ቀን ወዶላት እንደማያውቅ ተረዳች። ሁለት ቀን አላነጋገረችውም፤ በሦስተኛው ቀን ግን "ለጤናህ ነው" ብላ ሽሮ ሠራች። ጋሽ ያፌት በር ላይ ሲደርሱ ቀድመው ይገባሉ። የታመመ ሊጠይቁ ሄደው መሄድ ሲያምራቸው ይነሣሉ፤ በሽተኛው ገና ሕመሙ እንዴት እንደጀመረው እየነገራቸው። አቶ ናሆም ደረጃ ላይ ሲያገኟቸው "እንዴት ነው፣ ብልግናው እየተሻለህ ነው?" ብለው ይጠይቁ ጀመር። እየተሻላቸው ነበር። በሰማንያ አራተኛው ቀን እጃቸው ምላጭ ይይዛል፣ ክር ያስገባል፣ ብርጭቆ ሞልቶ ሳያፈስ ያነሣል። ተቃርኖውም ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ነበር። በአርባ ሁለት ቀን ውስጥ ሃምሳ ዘጠኝ ብቻ! ሲስተር የሺመቤት በማዕከሉ ታሪክ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነው ሰው እንዲህ ሲባልግ አላየሁም ብላ አመሰገነቻቸው። አንድ ከጨመሩ ሦስት መቶ ይሞላል፤ የቀራቸው ስድስት ቀን ነው።

ከተማው በበኩሉ የእጅጌን ጥቅም ከሐኪሞቹ ቀድሞ ገብቶት ነበር። እጅጌ የለበሰ እጅ አይዋሽም። ስለዚህ የተጣላን ማስታረቅ የሚፈልግ ሰው "ይቅር ብያለሁ" የሚለውን ቃል አይቀበልም፤ "ጨብጠኝ" ይላል። ጤነኛ ሙሽሮች ለሰርጋቸው ቀን እጅጌ መከራየት ጀምረው፣ ሁለት ሰርግ አዳራሽ በር ላይ ከፈረሰ በኋላ ትተዋል። ባለሥልጣናት እጅጌ ለብሰው ቃለ መሐላ ይፈጽሙ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ለጥናት ተመርቷል፤ ጥናቱ ዘንድሮ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

እንግዲህ የጋሽ ያፌት አንድ ልጅ ጥሩወርቅ የምትባል የውኃ መሐንዲስ ናት። ስትሮኩ ከመታቸው ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት የአባቷን ሸሚዝ ቆልፋ፣ አገጫቸውን ላጭታ ትወጣለች። መላጨቱን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ "ወደ ታች፣ ወደ ታች፤ እዚህ ጋ ቆዳውን ወጠር" እያሉ። እጃቸው ምላጭ መያዝ ከጀመረ ሁለት ሳምንት ቢሆነውም መላጨቱን አልተወችም፤ እሳቸውም ነገሩን አንሥተው አያውቁም። የምትወደው ልጅ አጥናፉ ይባላል። ጋሽ ያፌት ፀጉሩን ከተማሪነቱ ጀምሮ ቆርጠውታል፣ ጨዋነቱን ያውቃሉ፣ ደስ ይላቸዋል። ሁለቱም ጎዴ ተመድበዋል፤ ከተጋቡ አብረው ይሄዳሉ፣ ካልተጋቡ ግን እሷ ምደባውን ትታ ከአባቷ ጋር ትቀራለች። የአጥናፉ ቤተሰብ ሽማግሌ የላከው በዚያው በሰማንያ አራተኛው ቀን፣ እሑድ ረፋድ ላይ ነው።

ቤቱን ያስጨነቀው ነገር አንድ ብቻ ነበር። እንደ ወጉ ከሆነ የልጅቱ ቤተሰብ መጀመሪያ ይኩራራል፤ "እንመካከር፣ ሁለት ሳምንት ስጡን" ይላል። ወዲያው እሺ ያለ ቤት ልጁን ለማውጣት የቸኮለ ይመስላል። ጋሽ ያፌት ግን አጥናፉን ይወዱታል፤ አፋቸው ሁለት ሳምንት ሲል እጃቸው ዘልሎ ሽማግሌዎቹን ቢጨብጥስ? ውርደቱ አንድ ነገር ነው። እጁን ይዘው ቢያስቀሩት ደግሞ ሦስት መቶኛው ተቃርኖ ያ ይሆናል።

"አንተ አትናገር" አለ የወይዘሮ ኤልዳና ወንድም ኢዮስያስ። "ምንም። እኔ እናገራለሁ። አንተ ሌላ ነገር አስብ።"

"ምን ላስብ?"

"የማትወደውን። የእህቴን ክክ አስብ።"

"ኢዮስያስ!" አለች ወይዘሮ ኤልዳና ከጓዳ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። መሪያቸው አቶ አሜን የሚባሉ፣ አርባ ዓመት ፊዚክስ አስተምረው ጡረታ የወጡ ረጅም ሰው ናቸው። እንደ ወጉ "ተቀመጡ" ቢባሉ እንቢ አሉ፤ ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡም። ቆመው የመጡበትን ተናገሩ፤ ልጃችን ጨዋ ነው፣ ልጃችሁ ጨዋ ናት፣ ዘራችን ከዘራችሁ ቢጣመር እንወዳለን። ጋሽ ያፌት ትልቁ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሙሉ ኃይላቸው ክክ ያስባሉ። ጥሩወርቅ እንደ ወጉ ጓዳ ናት፤ መጋረጃው ግን ይንቀሳቀሳል።

ኢዮስያስ ጉሮሮውን ጠረገ። "ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። እኛም ዘመድ አዝማድ አለን፣ እንመካከራለን። እንግዲህ የዛሬ ሁለት ሳምንት ብቅ ብትሉ..."

"ጋሽ ኢዮስያስ" አሉ አቶ አሜን በትሕትና፣ "ቀጠሮ የተፈጠረው የአባት ልብ በማይታይበት ዘመን ነው። አሁን እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ እየታየ ምን ያመላልሰናል? አቶ ያፌት ይጨብጡን። እጃቸው ከመጣ ልጅቱን ሰጡን። ካልመጣ መርቀናችሁ እንወጣለን፤ ሁለተኛም አናስቸግራችሁም።"

"ይህ እንኳ ከወጉ ትንሽ..."

"የልጁ እናት ናቸው እንዲህ ያሉን። 'በይሉኝታ የተሰጠች ምራት ቤቴ አትገባም፤ እጁን ሳታዩ እንዳትመለሱ' ብለው ነው የላኩን። ምን እናድርግ፣ እሳቸውን ደግሞ ታውቋቸዋላችሁ።"

ኢዮስያስ ወደ ጋሽ ያፌት ዞሮ ዓይኑን ጠቀሰ። ነገሩ በራሱ ጊዜ ተፈታ ማለት ነው። አፍና እጅ አንድ ነገር እንዲሉ በወግ ተጠይቀዋል፤ ውርደት የለ፣ ተቃርኖ የለ። ከመጋረጃው ኋላ የወይዘሮ ኤልዳና ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

"በደስታ!" አሉ ጋሽ ያፌት፤ ክኩን ከሐሳባቸው አውጥተው ጣሉት። "አጥናፉን እኮ ከእናንተ በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ልጄ ልጃችሁ ናት። ይኸው!"

እጁ አልመጣም።

አቶ አሜን እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ጋሽ ያፌት ፈገግ እንዳሉ ጠበቁ። መጀመሪያ የመጣላቸው እጅጌው ተበላሽቷል የሚል ሐሳብ ነው፤ እንዲያውም ቀለል አላቸው። ለማጣራት ያህል ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርጭቆ ውኃ አሰቡት፤ ከጠዋት ጀምሮ ጠምቷቸዋል። አመልካች ጣታቸው ወዲያው ወደ ብርጭቆው ቀና አለ። እጅጌው ደህና ነው። ወደ አቶ አሜን መዳፍ ሐሳባቸውን መለሱ፤ ጣቱ ተመልሶ ተኛ።

በዚህ ቤት ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ለጋሽ ያፌት ሳይነገር የተወሰነ ነገር ብዙ ነው። በገዛ እጃቸው የተወሰነ ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር። እጃቸውን አዩት። በእነዚህ ሁሉ ወራት በየማለዳው ምን እንደሚጠብቅ፣ ምላጭ መያዝ ችሎ ለምን አንድም ቀን ወደ አገጫቸው እንዳልሄደ፣ የሸሚዝ ቁልፍ ጋ ሲደርስ ለምን እንደሚሰንፍ አሁን ገባቸው። ሲስተር የሺመቤት ይህን "ያልተጠናቀቀ የጣት ቅንጅት" ብላ መዝግባው ነበር። ልጅቱን መስጠት አልፈለጉም። ጎዴ ሩቅ ነው። ይህን ማንም አልነገራቸውም፤ እሳቸውም ቢሆኑ ማንንም ጠይቀው አያውቁም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቀርቅሮ ጫማውን ያይ ጀመር። መጋረጃው መንቀሳቀሱን አቁሟል።

ጋሽ ያፌት የነበራቸው ምርጫ ግልጽ ነበር፤ የማዕከሉ ደንብ በዚህ ላይ አሻሚ አይደለም። ዝም ብለው ከተቀመጡ እጁ የፈለገውን አድርጓል። "በደስታ" ያለው አፍ ነው፤ አፍ ደግሞ አይቆጠርም። ሽማግሌዎቹ መርቀው ይወጣሉ፣ ስድስቱ ቀን ያልፋል፣ መቀሱ ይመለሳል። ልጅቱም ትቀራለች፤ ጠዋት ጠዋት ሸሚዛቸውን እየቆለፈች፣ "ምንም አይደለም አባዬ" እያለች። እሷም እጅጌ አትለብስም።

ግራ እጃቸው ተነሣ። ግራ እጅ እጅጌ የለውም፤ እንደማንኛውም ጤነኛ እጅ የታዘዘውን ያደርጋል። የቀኙን አንጓ ያዘ፣ አነሣው፤ ጋሽ ያፌትም ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቀኝ እጃቸውን በግራ ደግፈው ዘረጉ፤ ሰው ታላቁን ሲያከብር እንደሚዘረጋው።

"አቤት ጨዋነት!" አለ ጫማውን ሲያይ የነበረው ሽማግሌ። "ለካ ሊነሡልን ነው የዘገዩት! አያችሁ፣ በሁለት እጅ!"

አቶ አሜን እጁን ተቀበሉ። ከበዳቸው። ጣቶቹ አልተጨበጡም፤ መዳፋቸው ውስጥ ዝም ብለው ተኙ። አርባ ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው በራሱ የሚንቀሳቀስን ነገርና ተገፍቶ የሚመጣን ነገር ለመለየት አይቸገርም። ቀና ብለው የጋሽ ያፌትን ዓይን አዩ። ከዚያ ሁለቱንም እጃቸውን በዚያ በማይጨብጥ እጅ ዙሪያ አጥብቀው፣ ለሁለቱም የሚበቃ አድርገው ጨበጡት፣ ነቀነቁት።

"መጣ!" አሉ ወደ ኋላ ዞረው። "እጃቸው መጥቷል፤ ምስክር ነኝ!"

ወይዘሮ ኤልዳና ጓዳ ሆና እልል አለች። በዚያው መሐል እጅጌው ከሸሚዙ ሥር ሁለቴ ተንዘረዘረና ዝም አለ። በሌላ እጅ ተጎትቶ የሄደ እጅ በማዕከሉ መዝገብ ከተቃርኖዎች ሁሉ ከባዱ ነው፤ ምክንያቱ በሚጻፍበት ቦታ ላይ "ሕመምተኛው ለሕክምናው ፈቃደኛ አይደሉም" የሚል በራሱ ይሞላል። ማክሰኞ መጥተው ይወስዱታል። ወረፋው ላይ ቀጥሎ ያለው ሰው በዚያች ደቂቃ የደስታ መልእክት ደርሶታል።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ እየተሳሳሙ ሳለ ጥሩወርቅ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ማንንም ሳታይ ቀጥታ አባቷ ጋ መጣች። ግራ እጃቸው አሁንም የቀኙን አንጓ እንደያዘ ነው፤ ቢለቀው ይወድቃል።

"አባዬ" አለች ዝቅ ብላ፣ "አየሁ እኮ። እጅህ አልተነሣም። አንተ ነህ ያነሣኸው።"

"እጅ ምን ያውቃል።"

"ስድስት ቀን ነበር የቀረህ!"

"ቀስ በይ፣ ይሰማሉ።"

"አልፈለግክም ማለት ነው?"

ጋሽ ያፌት ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ከትከሻዋ በላይ ሦስቱን ሽማግሌዎች አዩ። እሺታውን ሰምተዋል፣ ወጉ ተፈጽሟል፤ ቦታ ግን የሰጣቸው የለም።

"ሂጂ ወንበር አምጪላቸው" አሉ። "ሰው ቆሟል።"